ያለ ገመድ የሚነበብ ቆጣሪ ለሕንፃችሁ ስታስገቡ

አዲስ አበባ ውስጥ በአፓርታማዎችና በንግድ ሕንፃዎች የቧንቧና የኤሌክትሪክ ሥራ እሠራለሁ። ድሮ የነዋሪዎች ኮሚቴ የሚደውልልኝ ቧንቧ ሲፈነዳ ነበር፤ አሁን አሁን «ቆጣሪውን በስልክ የሚነበብ አድርግልን» የሚል ጥሪ በዝቷል። ነገሩ የታወቀ ነው። ለሕንፃው አንድ ዋና የውሃ ቆጣሪ አለ፣ አንድ ቢል ይመጣል፣ ያንን ለሠላሳ ቤት ማካፈል የኮሚቴው ራስ ምታት ነው። እኩል ሲካፈል ብቻውን የሚኖረው ያኮርፋል፤ በሰው ቁጥር ሲካፈል ዘመድ ያስጠጋው ቁጥሩን ይደብቃል። በየቤቱ የውስጥ ቆጣሪ ሲገባ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ጥበቃው ደብተር ይዞ ሲዞር ግማሹ ቤት ዝግ ነው፣ በተከፈተው ቤትም ቆጣሪው ከሲንክ ሥር ከሳሙናና ከበረኪና ጀርባ ተደብቋል፣ በጨለማ የተነበበ 3 ደብተሩ ላይ 8 ሆኖ ይገኛል።

ቁጥሩን በሞገድ የሚልክ ሬዲዮ ያለው ቆጣሪ ይህንን ይፈታል። የሚፈታው ግን ይህንን ብቻ ነው። ቆጣሪው ራሱ በደንብ ካልቆጠረ፣ የትኛው ቆጣሪ የማን ቤት እንደሆነ በትክክል ካልተመዘገበ፣ ሬዲዮው ስህተቱን ቶሎ ከማድረስ በቀር የሚጨምረው ነገር የለም። ስለዚህ ከዚህ በታች ስለ ሞገድ ጥቂት፣ ስለ ሳጥን፣ ስለ ዝርዝርና ስለ ሂሳብ ብዙ እጽፋለሁ።

መብራት ከሆነ መጀመሪያ የፓኔል ክፍሉን እዩ

በብዙ ሕንፃ የሁሉም ቤት የመብራት የውስጥ ቆጣሪ ምድር ቤት ባለው የፓኔል ክፍል ጎን ለጎን ተደርድሮ ይገኛል። የእናንተም እንዲህ ከሆነ ሬዲዮ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው። አርኤስ 485 የሚባል የመረጃ ሽቦ መውጫ ያላቸውና ሞድባስ በሚባለው የመሣሪያዎች መነጋገሪያ ቋንቋ የሚነበቡ ቆጣሪዎች ግዙ፤ እርስ በርሳቸው የተጠማዘዙ ሁለት ሽቦዎችን ከአንዱ ቆጣሪ ወደ ሁለተኛው፣ ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛው እያያያዛችሁ ዘርጉ። ከአንድ ቦታ ተነስቶ በየአቅጣጫው የሚበተን ሽቦ ግን አትሥሩ፤ ለጊዜው ይሠራል፣ ኋላ ያበሳጫችኋል። በአንድ መስመር ላይ የምልክት ማጠናከሪያ ሳይገባ እስከ 32 መሣሪያ ይያያዛል። መስመሩ ረጅም ከሆነ በሁለቱ ጫፍ 120 ኦም ሬዚስተር ይገባል። እያንዳንዱ ቆጣሪ ከ1 እስከ 247 ባለው ውስጥ የራሱ አድራሻ ያስፈልገዋል፤ ከፋብሪካ ሲመጡ ብዙዎቹ አድራሻቸው 1 ስለሆነ አንድ በአንድ እያበራችሁ ቀይሩት። ከዚያ ከክፍሉ መረጃውን የሚያወጣ ሲም ካርድ ያለው አንድ ሞደም ይበቃል። ያለ ገመድ የሚሄደው የመጨረሻው እርምጃ ብቻ ነው ማለት ነው።

ሊፍት፣ ፓምፕና ትልልቅ ሱቆች ብዙውን ጊዜ በካረንት ትራንስፎርመር (ትልቁን ካረንት ቆጣሪው ወደሚችለው መጠን በሚያሳንስ ዕቃ) በኩል ይለካሉ። ትራንስፎርመሩ ላይ 100/5 ተብሎ ከተጻፈ ቆጣሪው በ20 ማባዛት አለበት። ይህ ቁጥር ሳይሞላ ከቀረ 2000 ኪሎ ዋት ሰዓት የበላ ሱቅ 100 የበላ መስሎ ይታያል፤ ባለሱቁም «ቆጣሪው ተሳስቷል» ብሎ አይነግራችሁም።

አንድ ነገር አደራ፦ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ቆጣሪ የእናንተ አይደለም። ማንበቢያ ልግጠምበት ብላችሁ ማሸጊያውን እንዳትነኩ። የእናንተ ሥራ የሚጀምረው ከእሱ በኋላ ነው። የውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን ዋና ቆጣሪም እንደዚሁ።

ሬዲዮ የሚያዋጣው ለውሃ ነው

የውሃ ቆጣሪ በየፎቁ ተበታትኗል፣ አጠገቡ መብራት የለም፣ ሽቦ ልሳብለት ቢሉ ሴራሚክ ማፍረስ ነው። እዚህ ላይ በባትሪ የሚሠራ ሬዲዮ ቦታው ነው።

ገበያ ላይ በብዛት የምታገኙት ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ዋየርለስ ኤም ባስ ይባላል፤ ኢኤን 13757 በሚባለው የአውሮፓ ደረጃ የተሠራ ሲሆን በብዛት በ868.95 ሜጋኸርዝ ይሠራል። ይህ ቆጣሪ እንደ ሎተሪ አዟሪ ነው፤ ሰሚ ኖረም አልኖረም በየተወሰነ ሴኮንድ ወይም ደቂቃ ቁጥሩን ይጠራል። መቀበያ ይዞ በአቅራቢያው ያለፈ ሰው ይሰማዋል። ሁለተኛው ሎራዋን ነው። በቀን ጥቂት ጊዜ ብቻ ይናገራል፣ ከሩቅ ይሰማል፣ ነገር ግን ሁልጊዜ የበራ ጌትዌይ (የቆጣሪዎቹን መልእክት ሰብስቦ ወደ ኢንተርኔት የሚያሻግር መቀበያ) እና መረጃውን የሚያስተናግድ ሰርቨር ይፈልጋል።

የኔን ምርጫ ከጠየቃችሁኝ፣ አርባ ቤት ለማይሞላ ሕንፃ ዋየርለስ ኤም ባስ ገዝታችሁ በእግር አንብቡት። ጥበቃው ከስልክ ጋር በብሉቱዝ የሚገናኝ መቀበያ ኪሱ ውስጥ ያደርግና ከላይኛው ፎቅ በደረጃ ቀስ ብሎ ይወርዳል። ታች ሲደርስ ስልኩ ላይ የሁሉም ቤት ቁጥር አለ፤ በር አላንኳኳም፣ ደብተር አልያዘም። ጌትዌይ የለም፣ ወርሃዊ የኢንተርኔት ክፍያ የለም፣ መብራት ሲጠፋ የሚጠፋ ዕቃ የለም። ሻጮች ይህንን መጨረሻ ላይ ነው የሚነግሯችሁ፤ ትርፉ ያለው ጌትዌዩና ዓመታዊ ክፍያው ላይ ነውና። ሕንፃው ትልቅ ከሆነ፣ ወይም የሚያፈስ ቧንቧን በየቀኑ መከታተል ከፈለጋችሁ፣ ያኔ በየጥቂት ፎቁ የማይነቃነቅ መቀበያ ይተከላል። እጁ ኮምፒውተር ላይ የሚሠራለት ወጣት ነዋሪ ካላችሁ ራስፕቤሪ ፓይ የምትባል ትንሽ ኮምፒውተር ላይ ርካሽ ዩኤስቢ መቀበያ ሰክቶ ደብሊው ኤም ባስ ሜተርስ የሚባለውን ነፃ ሶፍትዌር መጫን ይችላል፤ የብዙ አምራቾችን ቆጣሪ ያነባል። ልጁ ሲለቅ ሥራውን የሚረከበው ማን እንደሆነ ግን ከወዲሁ አስቡ።

መብራት ጠፍቶ ጌትዌዩ ቢጠፋስ? ይህን የማይጠይቀኝ ኮሚቴ የለም። ቆጣሪው ድምሩን የሚይዘው ራሱ ውስጥ ነው። ጌትዌዩ ሦስት ቀን ቢዘጋ የሦስቱ ቀን ፍጆታ አይጠፋም፤ ሲበራ የሚመጣው ቁጥር ሁሉንም ጨምሮ ነው። የሚጠፋው የሰዓት በሰዓት ዝርዝሩ ነው። ለሂሳብ ብቻ ከሆነ የምትጠቀሙበት፣ ትልቅ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚተካ ባትሪ) አያስፈልግም።

ከመግዛታችሁ በፊት ፍሪኩዌንሲውን አረጋግጡ። ከቻይና የሚመጣ የሎራ ቆጣሪ ለአገሩ ገበያ ተብሎ በ470 ሜጋኸርዝ የተዘጋጀ ሊሆን ይችላል፤ ለ868 ከተሠራ ጌትዌይ ጋር አይተዋወቁም፣ በሶፍትዌርም አይስተካከልም። የሬዲዮ መሣሪያ ስለሆነም ከአቅራቢው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የዓይነት ማረጋገጫ ወረቀት ጠይቁ። «እሱ ችግር የለውም» የሚል መልስ ወረቀት አይደለም።

ውሉን ከመፈረማችሁ በፊት አንድ ቆጣሪ ይዛችሁ ዙሩ

አቅራቢውን አንድ ሬዲዮው የበራ ቆጣሪና አንድ መቀበያ አስመጡት። ቆጣሪውን በቧንቧ ላይ መግጠም አያስፈልግም፤ በእጅ ይዛችሁ የሕንፃው ክፉ ቦታ ላይ አስቀምጡት። ክፉ ቦታ ማለት ምድር ቤት ያለው የፓምፕ ክፍል፣ ከሊፍቱ የኮንክሪት ግድግዳ ጀርባ ያለው መታጠቢያ ቤት፣ የቧንቧ መውረጃው ውስጥ ያለው ሳጥን ነው። በሩን ዝጉ። ከዚያ መቀበያውን ይዛችሁ ጥበቃው በሚሄድበት መንገድ ሂዱና የምልክቱን ጥንካሬ እዩ። በዲቢኤም የሚጻፍ ኔጌቲቭ ቁጥር ነው፤ ወደ ዜሮ በቀረበ ቁጥር ጥሩ ነው። ለዋየርለስ ኤም ባስ ከ−90 በታች ከወረደ ዛሬ ቢሰማም ነገ ሰው ቁም ሳጥን ሲያስጠጋበት አይሰማም ብላችሁ ውሰዱት።

ከኮንክሪት ይልቅ የሚያስቸግረኝ ላሜራ ነው። እኛ አገር ቆጣሪ ሲባል ሁሉም የሚያስበው ቁልፍ ያለው የላሜራ ሳጥን ነው፣ ለስርቆት ሲባል። ሬዲዮ ደግሞ ከተዘጋ ላሜራ ውስጥ አይወጣም፤ በጠርዙ ክፍተት ሾልኮ የሚወጣው ትንሽ ነው። በአንድ ሕንፃ ሳጥኑን ከፍቼ −68 ያነበብኩትን ቆጣሪ፣ በሩን ስዘጋው መቀበያው ጭራሽ አጣው። መፍትሔው ሦስት ነው። የሳጥኑን በር በወፍራም ፕላስቲክ መቀየር፣ ወይም አንቴናው በገመድ ተነጥሎ የሚወጣበት ሞዴል መርጦ አንቴናውን ከሳጥኑ ውጭ ማድረግ፣ ወይም ሳጥኑን ማስወገድ። ለ868 ሜጋኸርዝ የሚሆን ቀላል አንቴና 8.6 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነ ከሳጥኑ አናት ላይ ቢወጣም ዓይን አይወጋም። ሳጥኑ ላይ በድሪል ቀዳዳ መደርደር ግን ብዙ አይጠቅምም፤ ትንንሽ ቀዳዳ ይህን ሞገድ አያሳልፍም።

ሎራ ከሩቅ ይሰማል ስለተባለ ጌትዌዩን ጣሪያ ላይ ሰቅለው ምድር ቤት ያለውን ቆጣሪ የሚያስጮኹ አሉ። ይሰማል፤ ግን ባትሪውን ይበላል። ምልክቱ ሲደክም ቆጣሪው አንዱን መልእክት በጣም እያዘገመ መላክ ይጀምራል፣ ከቅርቡ ጋር ሲነጻጸር ከ20 እጥፍ በላይ ጊዜ አየር ላይ ይቆያል። ካታሎጉ ላይ 10 ዓመት የተባለው ባትሪ በዚህ አያያዝ 10 ዓመት አይደርስም። ሌላ ጌትዌይ መጨመር ይሻላል።

ቆጣሪው ራሱ

በብዙ ኮሚቴ ስብሰባ ላይ ስለ ስልክ መተግበሪያው አንድ ሰዓት ይወራል፣ ስለ ቆጣሪው አንድ ደቂቃ። መሆን ያለበት ተቃራኒው ነው። የቆጣሪው ፊት ላይ አር የምትል ፊደልና ቁጥር ተጽፋለች፣ ለምሳሌ አር 80 ወይም አር 160። ለግማሽ ኢንች ቆጣሪ የተለመደው ቋሚ የፍሰት መጠን በሰዓት 2.5 ሜትር ኪዩብ ነው። ያንን በአር ቁጥሩ ስታካፍሉት ቆጣሪው በትክክል ሊለካው የሚችለው ትንሹ ፍሰት ይወጣል፤ አር 80 በሰዓት 31 ሊትር ገደማ፣ አር 160 ደግሞ 16 ሊትር ገደማ። ከዚህ በታች የሚንጠባጠብ ውሃ በከፊል ወይም በሙሉ ሳይቆጠር ያልፋል። ደግሞ ፊቱ ላይ አግድም ሲገጠም 80፣ ሽቅብ ሲገጠም 40 የሚል ሁለት ቁጥር ያላቸው አሉ። የእኛ ቧንቧ ሠራተኛ ቦታ ሲያጣ ሽቅብ ነው የሚገጥመው፤ ቆጣሪያችሁ ያኔ ግማሽ ዓይኑን ጨፍኗል። አልትራሶኒክ የሚባሉት የሚሽከረከር ጥርስ ስለሌላቸው ለትንሽ ፍሰት የተሻሉ ናቸው፣ ዋጋቸውም እንደዚያው ከፍ ይላል። አሮጌውን ቆጣሪ ሳትነቅሉ ላዩ ላይ የሚሰካ የሬዲዮ ሞጁልም አለ፤ የቆጣሪው ሞዴል ከሞጁሉ ጋር የሚስማማ ከሆነ ብቻ።

ሞጁል ከሆነ የምትገዙት ሁለት ነገር መሞላት አለበት፦ ሞጁሉ በተሰካበት ሰዓት ቆጣሪው ላይ ያለው ቁጥር፣ እና አንድ ምት (ቆጣሪው ሲዞር ሞጁሉ የሚቆጥረው ምልክት) ስንት ሊትር እንደሆነ። 1 ሊትር የሆነው 10 ሊትር ተብሎ ከተሞላ እትዬ አስካለ ቤት የመኪና ማጠቢያ የከፈቱ ይመስላል።

የገጠማው ቀን፦ ዝርዝሩ

ሥራው ሁሉ ያለው እዚህ ነው። እያንዳንዱ ቆጣሪ የራሱ መለያ ቁጥር አለው፤ በዋየርለስ ኤም ባስ 8 አሃዝ ነው፣ መቀበያው ላይም የሚመጣው ይኸው ቁጥር ነው እንጂ «ቤት ቁጥር 302» የሚል አይደለም። 302ን ከቁጥሩ ጋር የሚያገናኘው የእናንተ ኤክሴል ነው። ቧንቧ ሠራተኛው ቆጣሪውን ከካርቶን ሲያወጣ ወዲያው በስልክ ፎቶ አንሱት፤ መለያ ቁጥሩ፣ የመነሻ ንባቡና የቤቱ በር ቁጥር በአንድ ፎቶ ይግቡ። የበር ቁጥሩን በማርከር ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ከቆጣሪው አጠገብ ያዙት። ማታ ከትዝታ የተሞላ ዝርዝር ሁለት ጎረቤት ያቀያይራል፤ ሁለቱም ፍጆታቸው ቢቀራረብ ለዓመታት አይታወቅም።

ተገጥሞ ሲያልቅ ማረጋገጫው ቀላል ነው። አንድ ቤት ገብታችሁ ቧንቧ ክፈቱ፣ 20 ሊትር ባልዲ ሙሉ፣ የትኛው ቆጣሪ 20 እንደጨመረ መቀበያው ላይ እዩ። አንዳንድ ቤት ለወጥ ቤትና ለመታጠቢያ ሁለት የተለያየ መውረጃ ስላለው ሁለት ቆጣሪ ሊኖረው ይገባል፤ ይህን የምታገኙትም በባልዲው ነው። ሁሉንም ቤት አድርጉት። ሰዎች ይሰለቻሉ፣ ቡና ያቀርባሉ፣ ጠጡና ቀጥሉ።

ከዚያ ቁልፉ አለ። ደህና ቆጣሪ መልእክቱን በኤኢኤስ 128 ቆልፎ ነው የሚልከው፤ ለእያንዳንዱ ቆጣሪ 32 ፊደልና አሃዝ ያለው የራሱ ቁልፍ ከፋብሪካ ይመጣል። ይህ ፋይል የኮሚቴው ንብረት ነው። አቅራቢው «እኛ ጋ ይቀመጣል፣ አትጨነቁ» ካላችሁ ነገ ዋጋ ቢጨምር ወይም ድርጅቱ ቢዘጋ ቆጣሪዎቻችሁ ማንም የማይሰማቸው ይሆናሉ። ውሉ ላይ ይጻፍ፣ ፋይሉ ሳይደርሳችሁና በራሳችሁ መቀበያ ሁሉም ቤት ሳይነበብ የመጨረሻው ክፍያ አይለቀቅ።

ቁልፉ ለሌላም ይጠቅማል። በአንድ ስብሰባ ላይ በዕድሜ የገፉ እናት ከኋላ ተነስተው «ልጄ፣ ይኼ ነገር ወሬያችንን ይሰማል እንዴ?» አሉኝ። «የለም እማማ፣ ማይክ የለውም፣ የሚናገረው የውሃ ቁጥር ብቻ ነው» አልኳቸው። «እሺ፣ ቁጥሩን ማን ማን ይሰማዋል?» አሉ። ከዚያ ሁሉ ሰው የተሻለ ጥያቄ የጠየቁት እሳቸው ነበሩ። ያልተቆለፈ ቆጣሪን መንገድ ላይ ያለ ማንኛውም መቀበያ የያዘ ሰው ይሰማዋል፤ ለአራት ቀን ቁጥሩ ያልተነቃነቀ ቤት ባዶ ቤት ነው። ስለዚህ የተቆለፈ ቆጣሪ ግዙ፤ የሰዓት በሰዓቱን ዝርዝር ከባለቤቱ በቀር ማንም አይየው፤ በቴሌግራም ግሩፕ የሁሉንም ቤት ፍጆታ መለጠፍ ይቅር። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ ኮሚቴም ቢሆን የሰው መረጃ የሚይዝ አካል ነው።

ቀንና ሰዓት

ቆጣሪው የሚያውቀው የፈረንጅ ካላንደር ነው። ብዙዎቹ የወሩን መጨረሻ ንባብ በራሳቸው ይይዛሉ፤ የሚይዙት ግን ጃንዋሪ 31ን ነው፣ እሱ ደግሞ ጥር 23 ገደማ ነው። ኮሚቴው በኢትዮጵያ ወር የሚያስከፍል ከሆነ ይህን የተቀመጠ ቁጥር እንዳለ መውሰድ ንትርክ መጥራት ነው። በእግር የምታነቡ ከሆነ ወር በገባ በ30 አንብቡ፣ ጳጉሜን ከነሐሴ ወይም ከመስከረም ጋር ማጠፉን በስብሰባ ወስኑ። በጌትዌይ ከሆነ የየቀኑን ንባብ ያዙና የምትፈልጉትን ቀን ምረጡ። ሰርቨሩ በዓለም አቀፉ ሰዓት ከተተወ ቀኑ የሚቀየረው በእኛ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ነው፤ ሦስት ሰዓት ጨምራችሁ አስተካክሉት።

ዋናውና ድምሩ ሲለያይ

የመጀመሪያው ወር ላይ ዋናው ቆጣሪ ለምሳሌ 412 ሜትር ኪዩብ ይላል፣ የቤቶቹ ድምር 371 ይሆናል። ወዲያው «ሬዲዮው ይዋሻል» ይባላል። ረጋ ብላችሁ እዩት። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ዋናው ቆጣሪ የሚለካው ወደ ምድር ቤቱ ታንከር የገባውን ነው፤ ቤቶቹ የሚለኩት ከሮቶው የወረደውን ነው። ታንከሩ ወሩ ሲጀምር ባዶ፣ ሲያልቅ ሙሉ ከነበረ ልዩነቱ እዚያ ተቀምጧል። ስለዚህ በማንበቢያው ቀን የታንከሩን ከፍታም ጻፉ። ቀጥሎ የጋራው አለ፦ የጥበቃ ቤት፣ ደረጃ ማጠቢያ፣ አትክልት። ለእነዚህ የራሳቸው ቆጣሪ ግጠሙ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚቀረው አብዛኛውን ጊዜ ሽንት ቤት ነው። ገንዳው ውስጥ ያለው ጎማ አርጅቶ በሰዓት 10 ሊትር ብቻ ቢያንጠባጥብ በወር 7.2 ሜትር ኪዩብ ነው፤ ሽቅብ የተገጠመ ደካማ ቆጣሪ ደግሞ አያየውም። አምስት እንዲህ ያለ ቤት ካለ 36 ሜትር ኪዩብ ሄደ። በየሰዓቱ የሚነበብ ሥርዓት ካላችሁ ከሌሊቱ 8 እስከ 10 ሰዓት ያለውን እዩ፤ ሁሉ ተኝቶ ቁጥሩ የሚንቀሳቀስበት ቤት የሚያፈስ አለው። ከሌላችሁ ገንዳው ውስጥ ትንሽ የምግብ ቀለም ጨምራችሁ ሳትለቁበት ሩብ ሰዓት ጠብቁ፤ ቀለሙ ሳህኑ ላይ ከታየ ጎማው ይቀየር።

አንድ ቆጣሪ ድንገት ዝም ካለ ቧንቧ ሠራተኛ ከመጥራታችሁ በፊት መቀበያውን ይዛችሁ በሩ ድረስ ሂዱ። እዚያ ከተሰማ ችግሩ የመንገዱ ነው፣ አዲስ የብረት በር ወይም ፍሪጅ ተጠግቶበታል። እዚያም ካልተሰማ ፊቱን አንብቡ፤ መቁጠሩን ከቀጠለ የሞተው ሬዲዮው ወይም ባትሪው ነው፣ የወሩ ሂሳብ በዓይን ከተነበበው ይሠራል። ባትሪው 3.6 ቮልት ሊቲየም ስለሆነ ከሱቅ የሚገዛ 1.5 ቮልት አይተካውም። አብዛኛው ቆጣሪም እርጥበት እንዳይገባው ታሽጎ ስለሚመጣ የሚቀየረው ከነአካሉ ነው። አዲሱ ሲገጠም የአሮጌው የመጨረሻ ንባብና የአዲሱ መነሻ በአንድ ፎቶ ይያዝ፣ አዲሱ መለያ ቁጥርና ቁልፍ በዚያው ቀን ዝርዝሩ ላይ ይግባ።